ተወዳዳሪ ያልነበረበት ገበያ፤ የጆርጅ ኢስትማን ካሜራ ታሪክ

የንግድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ጦር ሜዳ ታሪክ ነው፤ አንዱ ነጋዴ ዋጋ ቀንሶ ወይም ዕቃውን አሻሽሎ ሌላውን ድል ነሣ ይባላል። ቻን ኪምና ረኔ ሞቦርን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ግን በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላ መንገድ አሳይተዋል። በእነርሱ አስተያየት ብልኅ ነጋዴ ወጪውን እየቀነሰ ለገዢው የሚሰጠውን ጥቅም በመጨመር፥ ማንም ያልደረሰበትን አዲስ ገበያ ይፈጥራል። እንዲህ ያለውን ገበያ «ሰማያዊ ውቅያኖስ» ብለውታል። በዚህ አጭር ጥናት ይህን አሳብ መጽሐፉ ከመታተሙ ከመቶ ዓመት በፊት በተፈጸመ አንድ ታሪክ እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1870ዎቹ ፎቶግራፍ ማንሣት አድካሚ ሥራ ነበር። አንሺው የመስተዋቱን ሰሌዳ ራሱ መድኃኒት ቀብቶ፥ ሳይደርቅ ሥዕሉን አንሥቶ፥ ወዲያው ማጠብ ነበረበት። ስለዚህ ከከተማ ሲወጣ ድንኳን፥ መድኃኒት፥ ውሃና ከባድ ማቆሚያ ይዞ ይሄድ ነበር። በኒውዮርክ ግዛት፥ በሮቸስተር ከተማ የባንክ ጸሐፊ የነበረው ኢስትማን ይህን ድካም ከተመለከተ በኋላ በ1880 ደረቅ ሰሌዳ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ነገር ግን የደረቅ ሰሌዳ ሠሪዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዝተው ዋጋው ወደቀ።

በ1885 ኢስትማን በመስተዋቱ ፈንታ የሚጠቀለል የወረቀት ፊልም አወጣ። አሳቡ የሙያው ሰዎች መስተዋቱን ትተው ወደ ፊልሙ ይመጣሉ የሚል ነበር። ሆኖም በወረቀት የተነሣው ሥዕል የመስተዋቱን ያህል ጥራት ስላልነበረው የተቀበሉት ጥቂቶች ሆኑ። ዋናው የታሪኩ መለወጫ እዚህ ላይ ነው። ኢስትማን እንቢ ያሉትን አንሺዎች በመለማመጥ ፈንታ ፊቱን ፎቶግራፍ አንሥተው ወደማያውቁት ሰዎች መለሰ። ለባለሙያው ጉድለት የነበረው ነገር ለእነዚህ ሰዎች ምንም አልነበረም፤ ከገበያው ያራቃቸው የጥራት ማነስ ሳይሆን የሥራው ብዛት ነበርና።

በ1888 «ኮዳክ» የተባለው ካሜራ ወጣ። በእጅ የሚያዝ ሣጥን ሲሆን፥ ለ100 ሥዕል የሚበቃ ፊልም ተጐርሶበት በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። የባለቤቱ ሥራ ገመዱን መሳብ፥ ቁልፉን መጫንና ፊልሙን ማዞር ብቻ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራውን ከ10 ዶላር ጋር ወደ ሮቸስተር ይልካል፤ ፋብሪካውም ሥዕሎቹን አጥቦ፥ አዲስ ፊልም አጕርሶ ይመልስለታል። በዚያን ጊዜ 25 ዶላር ቀላል ገንዘብ እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል። ስለዚህ አዲሱን ገበያ በመጀመሪያ የከፈተው የዋጋው ርካሽነት ሳይሆን የድካሙ መወገድ ነው። ርካሽነት የመጣው በኋላ ነው፤ በ1900 የወጣው «ብራውኒ» ዋጋው 1 ዶላር ብቻ ስለ ነበር ሕፃናትም ሳይቀሩ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ።

ይሁን እንጂ ገበያው በእርግጥ ባለቤት ያልነበረው ነበርን? የኒውአርክ ካህን ሐኒባል ጉድዊን ለሴሉሎይድ ፊልም የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1887፥ የኢስትማን ኩባንያ በ1889 የራሱን ሴሉሎይድ ፊልም ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ነበር። መብቱ የተሰጠው ግን በ1898 ነው፤ በ1900 ጉድዊን ሞተ። መብቱን የያዘው ኩባንያ በፍርድ ቤት ስለረታ በ1914 ኮዳክ 5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ1915 ደግሞ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ንግዱን በሞኖፖል ይዟል ሲል ፈረደበት። በ1954 ኮዳክ የማጠቢያውን ዋጋ ከቀለም ፊልሙ ዋጋ ጋር አዳብሎ መሸጡን ለመተው ተስማማ። እንግዲህ በ1888 ገዢውን ከድካም ያሳረፈው የማጠብ አገልግሎት፥ በኋላ ሌሎች አጣቢዎች እንዳይገቡ የሚከለክል አጥር ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ኩባንያው ግን ትርፉ ከፊልም ይገኝ ስለ ነበር ወደ አዲሱ መንገድ በሙሉ ልቡ አልገባም፤ በ2012 ከዕዳ ለመጠበቅ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ አዲስ ገበያ የሚገኘው ገዢውን ብቻ በመመልከት ሳይሆን የማይገዛው ሰው ለምን እንደማይገዛ በመጠየቅ ነው። ሁለተኛ፥ ገበያን መክፈትና ገበያን አጥሮ መያዝ ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚመሰገን ቢሆንም ሁለተኛውን አብሮ አያጸድቅም። የንግድ ታሪክ ተማሪም ሁለቱን ለይቶ መመዘን ይገባዋል።