የፊሊፒን ሰንደቅ ዓላማ ዜና

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1896 ዓመት በኦገስት ወር፣ እስፓኝ የፊሊፒንን ደሴቶች ከያዘች 300 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከማኒላ ወጣ ብሎ በባሊንታዋክ አካባቢ ብዙ ሰዎች ተሰበሰቡ። አለቃቸው የመጋዘን ሠራተኛ የነበረው አንድሬስ ቦኒፋሲዮ ነበረ፤ ማኅበራቸውም ካቲፑናን ይባል ነበር። ገባርነታቸውን የሚመሰክረውን፣ ሴዱላ የሚሉትን ወረቀት ከየኪሳቸው እያወጡ ቀደዱት። ወረቀት መቅደድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሴዱላ የሌለው ሰው በመንገድ ቢገኝ ይያዝ ነበርና፣ የቀደደው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን በር በገዛ እጁ ዘጋ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ቀን እስፓኞች ሐኪሙን ደራሲውን ሆሴ ሪሳልን በባጉምባያን ሜዳ በጥይት ገደሉት፤ እርሱ አመፁን አልመራም ነበር።

ከዚህም በኋላ በ1897 በማርች ወር የካቪቴ አርበኞች በቴሄሮስ ተሰብስበው መሪ መረጡ። ፕሬዚዳንትነቱ በጉባኤው ላልነበረው ለኤሚልዮ አጊናልዶ ወጣ፤ ቦኒፋሲዮም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሹም ተባለ። ወዲያው አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ ሹመት ሕግ ለተማረ ሰው ነው የሚገባው ብሎ ተቃወመ። ቦኒፋሲዮ ሽጉጡን መዘዘ፤ ሰዎችም መካከል ገቡ፤ እርሱም ጉባኤው ፈርሷል ብሎ ወጣ። ሜይ 10 ቀን በአጊናልዶ ወገን ፍርድ እርሱንና ወንድሙን በተራራ ላይ ገደሏቸው። እኔ ጸሐፊው እንደምፈርደው ከእስፓኝ ጥይት ሁሉ ይልቅ ይህ የወገን ጥይት ጎዳቸው።

አሁን ወደ ሰንደቁ ነገር እንምጣ። አጊናልዶ ከእስፓኝ ጋራ ታርቆ፣ ገንዘብም ተቀብሎ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደደ። በዚያም ማርሴላ አጎንሲልዮ የምትባል የአገሩ ሴት ከሴት ልጇና ከሪሳል የእኅት ልጅ ጋራ ተቀምጣ ሰንደቁን በሐር ሰፋች። ሦስት ኮከብና ስምንት ጨረር ያላት ፀሐይ ነበሩበት፤ ጨረሮቹ አስቀድመው የተነሡት ስምንቱ አውራጃዎች ናቸው።

በ1898 አሜሪካ ከእስፓኝ ተጣላች፤ ዴዊ የሚባለው የባሕር አዛዥ ሜይ 1 ቀን የእስፓኝን መርከቦች በማኒላ ወሽመጥ ደመሰሰ። አጊናልዶም በአሜሪካ መርከብ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጁን 12 ቀን በካዊት፣ ከራሱ ቤት፣ ሰንደቁ ተዘረጋ፤ ነጻነትም ታወጀ። አዋጁ አሜሪካን ኃያልና ርኅሩኅ ጠባቂ ብሎ አመሰገናት። ዴዊ ተጠርቶ ነበር፤ አልመጣም።

ያ ርኅራኄ ስድስት ወር ቆየ። ዲሴምበር 10 ቀን በፓሪስ በተፈረመው ውል እስፓኝ ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ለቀቀች። የማርሴላ ባል ፌሊፔ አጎንሲልዮ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ እስከ ፓሪስ ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን ስለ አገሩ በሚዋዋለው ጉባኤ አንዲት ቃል እንዲናገር አልተፈቀደለትም።

በ1899 በጃንዋሪ ወር ሪፐብሊኩ በማሎሎስ ቆመ፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀን ሌሊት ከአሜሪካ ጋራ ጦርነት ተነሣ። እግሮቹ ሽባ የሆኑበት አፖሊናርዮ ማቢኒ ሰው እየተሸከመው መንግሥቱን ይመክር ነበር፤ በኋላም ተይዞ ወደ ጉዋም ደሴት ተጋዘ። በ1901 ፈንስተን የሚባል የአሜሪካ ጄኔራል በአሜሪካ ወገን የተሰለፉ የማካቤቤ ሰዎችን እንደ አርበኛ አልብሶ፣ ራሱን ከአራት መኮንኖች ጋራ ምርኮኛ አስመስሎ አጊናልዶ ወዳለበት ወደ ፓላናን ገሠገሠ። በመንገድ ስንቅ አለቀባቸው፤ አጊናልዶም ወገኖቹ መስለውት ምግብ ላከላቸው። የላከውን በልተው ማርች 23 ቀን ደረሱና ያዙት።

በ1907 ሰንደቁን መስቀል በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1919 ቆየ። ማኑኤል ኬሶንና ጓደኞቹ ከዚያ በኋላ ነጻነት ለማግኘት በዋሽንግተን በደጅ ጥናት ብዙ ደከሙ። በ1935 ኬሶን የውስጥ አስተዳደር መሪ ሆነ፤ ጃፓንም መጥታ ሄደች፤ በ1946 ጁላይ 4 ቀን በማኒላ የአሜሪካ ሰንደቅ ወርዶ የፊሊፒን ወጣ። ቀኑ የአሜሪካኖች የነጻነት በዓል ነበረ። በ1962 ፕሬዚዳንት ማካፓጋል የፊሊፒንን የነጻነት በዓል ወደ ጁን 12 መለሰው፤ አጊናልዶም ያን ጊዜ የ93 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በሕይወት ነበረ።