ሰዓት እላፊውና ረጅሙ ሙዚቃ

ወዳጆች፣ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ ያልን ይመስላል። ግን ብዙም አንርቅም፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ታዩታላችሁ።

ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ነበርኩ። የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ገበያ ሰኞ መሆኑን የአገሬው ሰው ያውቃል። በገበያው ግርግር መሐል ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋብኝና ቻርጅ ለማድረግ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ገባሁ። ሦስት ወጣቶች ክርክር ይዘዋል። አንዱ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም ከፍቶ፣ «እኛ አገር ሮክ ማለት ይሄ ነው! ፈረንጆቹ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት ዓይነት» ይላል። ሁለተኛው አልተዋጠለትም፤ «ጊታር ስለጮኸ ሮክ አይሆንም፤ ደግሞም የእኛ አይደለም» ባይ ነው። ሦስተኛው ከስልኩ የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» አውጥቶ፣ «ከጃኖ በፊት አባቶቻችን ጨርሰውታል፤ ስሙት!» አለ።

ጥግ ላይ ስልካቸው እስኪሠራ የሚጠብቁ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ሁሉንም ሲሰሙ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጆቼ፣ ለመሆኑ ከእናንተ መሐል ባንድ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲጫወት ያየ አለ?»

ሱቁ ጸጥ አለ። ሠርግ ላይ ኪቦርድ ያዩ ነበሩ፤ ዲጄማ ሁሉም አይቷል። ሙሉ ባንድ፣ ከነከበሮው፣ ከነጊታሩና ከነትንፋሽ መሣሪያው በአንድ መድረክ ሲጫወት ያየ ግን አልነበረም። አንዱ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የት ሄደን እንይ?» አለ።

ያ ጥያቄ እስከ ከሚሴ ተከትሎኝ መጣ። ይህን ጽሑፍም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ነገሩን ከሙዚቃው እንጀምር። ፕሮግረሲቭ ሮክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ የበቀለ ሙዚቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ሮክ በአብዛኛው የሦስት ደቂቃ ዘፈን ነበር። እነ ኪንግ ክሪምሰንና ፒንክ ፍሎይድ ግን ጃዙን፣ ክላሲካሉንና ኦርጋኑን ቀላቅለው ረዣዥም ሥራዎችን ማውጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ሥራ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ ይይዛል። አልበሙም የተለያዩ ዘፈኖች ስብስብ መሆኑ ቀርቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አንድ ታሪክ የሚሰማ ሆነ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን መድረኩን ነው። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1973 ለገበያ ሲቀርብ፣ ባንዱ ያንኑ ሥራ ከአንድ ዓመት በላይ በመድረክ ሲጫወተው ቆይቶ ነበር። እየተጫወቱ ቀነሱ፣ እየተጫወቱ ጨመሩ። አድማጩ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሸክላ ከመታተሙ በፊት ሰምቶታል። ረጅም ሙዚቃ ስቱዲዮ ተዘግቶ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው፣ አዳራሽና ሰው በሰላም የሚያመሽበት ሌሊት ይፈልጋል።

ወደ እኛ እንምጣ። በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት የተጣለው በመንግሥት እጅ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ ባንድ ሆኑ። በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መጡ። መሣሪያው የመንግሥት፣ ተጫዋቹም ደሞዝተኛ ነበር። ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ሆነ።

ይህን አጥር የጣሰው አምኃ እሸቴ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ሕንድ አገር አሳተመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ዓመታት አምኃ ሪከርድስ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ሙሉ አልበሞችን አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄም ከለንደንና ከአሜሪካ የቀሰመውን ይዞ ኢትዮ ጃዝን ተከለ። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ ሥራው ደርሶ ነበር። የግል ባንዶች በሆቴሎችና በክለቦች ይጫወታሉ፤ ወጣቱም ያመሻል።

ከዚያ መስከረም 1967 ዓ.ም. መጣ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ። ከደርግም ጋር ሰዓት እላፊ መጣ።

ሰዓት እላፊ ለሙዚቀኛ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሥራው የሚጀምረው ሰው ወደ ቤቱ መግባት በሚገደድበት ሰዓት ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ነፍስ ያስከፍል ነበር። ብዙ የምሽት ቤቶች ተዘጉ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ግን አንድ ብልሃት አገኙ። ሰዓት እላፊው ሳይገባ እንግዳው ገብቶ በሩ ይዘጋል፤ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል፤ ሰዉ ጠዋት ይወጣል። ኃይሉ መርጊያ ያንን ዘመን ሲያስታውስ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ እንደነበር በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግሯል።

እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልጨምር። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ባንድ በአጫጭር ዘፈን ብቻ አይዘልቀውም። ዜማውን ይለጥጠዋል፤ ኦርጋኑ ይናገራል፣ ሳክስፎኑ ይመልሳል፣ ከበሮው እንደገና ያነሳዋል። ዘፋኙ ሲደክም መሣሪያው ይረከባል። በዚያ ላይ የዘፈን ግጥም ሳንሱር ደጃፍ ይቆማል፤ ግጥም የሌለውን ዜማ ግን ሳንሱሩ ከየት ጀምሮ ይሰርዘዋል?

ከዚያ ሌሊት ውስጥ የወጡት ሥራዎች ዛሬ ዓለም የሚሰማቸው ናቸው። አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበሙን በራስ ሆቴል ቀረጸ። ዋልያስ በ1977 «ቼ በለው»ን አወጣ፤ ሙላቱ በቫይብራፎን አጅቧቸዋል፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የግርማ በየነ ድርሰትም እዚያ ውስጥ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። ከእንግሊዝ ፕሮግረሲቭ ሮክ የተቀዱ አይደሉም። ነገር ግን ያ ሱቅ ውስጥ የነበረው ልጅ አልተሳሳተም፤ ኦርጋን የሚመራው፣ ያለ ቃል ታሪክ የሚያወራና እንደ አንድ ሥራ የሚሰማ አልበም እኛም ጋ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ፈታኝ መደምደሚያ አለ። «አያችሁ፣ ጭቆና ጥበብን ይወልዳል!» የሚል። በየጊዜው እንሰማዋለን፤ አንዳንዱም በመከራችን የሚጽናናበት ነው። እኔ አልቀበለውም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የወለዳቸው ሰዓት እላፊው አይደለም። እነዚያ ሙዚቀኞች መሣሪያ የያዙት፣ የተገናኙትና ጆሯቸውን ያሠለጠኑት ሌሊቱ ክፍት በነበረበት ዘመን ነው። ደርግ የተረከበው የደረሰ ማሳ ነበር። ማሳውን ያጨደ ሰው ዘራሁ ቢል ማን ያምነዋል? መዝራቱን ለማወቅ የሚቀጥለውን ክረምት ማየት ነው።

የሚቀጥለውን ክረምት እንይ። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቀቀ። ዋልያስ በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱ፤ ኃይሉ መርጊያንና ግርማ በየነን ጨምሮ አራቱ እዚያው ቀሩ። ግርማ በየነ፣ ያ ስንቱን ዜማ ያቀናበረ ሰው፣ ነዳጅ ማደያ ሠራ፤ ወደ ቀረጻ ተመልሶ አዲስ አልበም ያወጣው በ2017 ነው። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

የእሱ ታሪክ የእኛንም ክልል ይነካል። በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን፣ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ተረሳም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም በስተርጅና የዓለም መድረኮችን ዞረ። ደስ ይላል። ግን ሒሳቡን እንሥራው፦ ከ1985 እስከ 2013 ሃያ ስምንት ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ያልተቀረጸውን አልበም የሚመልስልን የለም።

አገር ቤት የቀሩትም አልተቀመጡም፤ አይቤክስ ሮሃ ባንድ ሆኖ እጅግ ብዙ ካሴት አጅቧል። ለዚያ ዘመን ዘፈን ባለውለታ ነው። ሆኖም የሸክላው ዘመን አክትሞ፣ መሣሪያው ከዘፋኙ ኋላ ተመልሶ ቆመ። ባንድ በራሱ ስም የሚናገርበት ረጅም አልበም ብርቅ ሆነ።

ሌላም ጥያቄ አለ። በእነዚያ ሆቴሎች እስኪነጋ የሚያድረው ማን ነበር? መክፈል የሚችል የአዲስ አበባ ሰውና የውጭ እንግዳ ነው። የሰንበቴ ገበሬ ወይም የከሚሴ ተማሪ እዚያ ምን ወሰደው?

ይህ ለእኛ አካባቢ ልዩ ስላቅ አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ከሚባሉት አራት ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። ባቲ ደግሞ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ሙዚቃ የሚማር ኢትዮጵያዊ ሁሉ የከተማችንን ስም እየጠራ ይማራል። ቅኝቱ ስሙን ይዞ ዓለምን ዞረ፤ ትልልቆቹ መድረኮች ግን ወደ ባቲ ያላቸው መንገድ ጠባብ ነበር። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሟል፤ ከደሴው ላሊበላ ኪነትም እነ ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ታላላቅ ድምፆች ወጥተዋል። ያ ሀቅ ነው፤ ግን ለአብዮቱ ማሞገሻ ከተቋቋመ ቤት በአንዳንዶቹ ተሰጥኦ የወጣ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ዛሬ። «ኤርታሌ» በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ሲወጣ፣ ቢል ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር ያዘጋጀው፣ አራት ድምፃውያን ከከባድ ጊታር ጋር የተሰለፉበት ሥራ ነበር። የወደደውም የጠላውም ተከራከረበት። ከዚያ በኋላ በእኛ በኩል የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2013 ግጭት፣ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እኛው ደጃፍ፣ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ጎረቤታችንን ሸዋ ሮቢትን ጨምሮ በስድስት የክልሉ ከተሞች ሰዓት እላፊ ታወጀ። ካልታወጀበትም ቢሆን ሰው ራሱ በራሱ ላይ ያውጃል፤ ሲመሽ መዝጊያ ይዘጋል፣ ባጃጅ ይጠፋል፣ እናት «ልጄ የት ደረሰ» ትላለች።

አንዳንዱ፣ «ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ኮንሰርት ታወራለህ?» ይለኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የኮንሰርት እጦት ከነፍስ ጋር አይወዳደርም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ምሽቱ የማን እንደሆነ ማየት የሰላም መለኪያ ነው። መግለጫው «አካባቢው ተረጋግቷል» ሲል፣ እኔ የማየው ሦስት ወጣቶች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከአንድ አዳራሽ እየሳቁ ወጥተው በእግራቸው ቤታቸው መግባት መቻላቸውን ነው። ያ ከሌለ መረጋጋቱ ገና ወረቀት ላይ ነው።

ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ዛሬም እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። በቀን መገናኘት አላቃተንም፤ ያጣነው ምሽቱን ነው። በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ዜማ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ማምሸት ከገበያው የተለየ መተማመን ይጠይቃል።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት መምህር ስልካቸው ተሠርቶ ሲወጡ ለልጁ ጥያቄ መልስ ሰጡት። «የት ሄደን እንይ አልክ አይደል? እኔ ደሴ ሄጄ ነው ያየሁት፤ በእናንተ ዕድሜ። እናንተ ግን እዚሁ ማየት አለባችሁ።»

ቸር እንሰንብት።