ስለ ባለጸናጽሉ እባብ የተደረገ የምርመራ ታሪክ

በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ የሚኖር አንድ የእፉኝት ዘመድ አለ። በጅራቱ ጫፍ የደረቁ ቀለበቶች ስለ ተያያዙበት፤ በፈራ ወይም በተቆጣ ጊዜ ጅራቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቀለበቶቹም እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ይንሿሿሉ። የተፈጥሮ ሊቃውንት ይህን እባብ በሁለት ወገን ከፍለው፤ ትልቁን ወገን ክሮታሉስ፤ ትንሹን ሲስትሩሩስ ይሉታል። የመጀመሪያው ስም እየተጋጨ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፤ የሁለተኛው ትርጓሜ ጅራቱ ጸናጽል የሆነ ማለት ነው። ጸናጽል በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት የታወቀ ስለ ሆነ፤ እኛም እባቡን ባለጸናጽል ብለን መጥራትን መረጥን። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናሳየው፤ ሰዎች ስለዚህ እባብ የነበራቸውን ወሬ በምርመራ ለመለወጥ ስንት ዘመን እንደ ፈጀባቸው፤ መዘግየቱም ምን እንዳስከተለ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የለንደኑ ሐኪም ኤድዋርድ ታይሰን በ1683 የአንዱን እባብ በድን ሰንጥቆ መረመረና ያየውን በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። በዓይኑና በአፍንጫው መካከል፤ በግራም በቀኝም፤ አንዳንድ ጉድጓድ መኖሩን ገለጸ፤ ነገር ግን የጉድጓዶቹ ሥራ ሳይታወቅ ቀረ። በ1758 የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ ከዓይነቶቹ አንዱን ሆሪዱስ፤ ማለት አስፈሪ፤ ብሎ ሰየመው። ይህ ስም የዘመኑን ሰዎች አስተያየት በሚገባ ይገልጻል።

በዚያን ጊዜ ሁለት ወሬዎች በሰፊው ይነገሩ ነበር። አንደኛው፤ እባቡ በዓይኑ ብቻ አፍዝዞ ወፎችን ወደ አፉ ይስባል የሚል ነው። የፊላዴልፊያው ሊቅ ቤንጃሚን ስሚዝ ባርተን በ1796 ይህን ነገር መርምሮ፤ በእባቡ ዙሪያ እየጮሁ የሚበሩት ወፎች ጫጩቶቻቸውን ለማዳን የሚታገሉ እንጂ የፈዘዙ አይደሉም ሲል አስረዳ። ሁለተኛው ወሬ፤ የቀለበቶቹ ቍጥር የእባቡን ዕድሜ ያሳያል የሚል ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ቀለበቶቹ የሰው ጥፍር ከተሠራበት ዓይነት ነገር የተሠሩ ናቸው፤ እባቡ ቆዳውን በገፈፈ ቍጥር አንድ ቀለበት ይጨመራል። ቆዳውንም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊገፍ ስለሚችል፤ ከዚህም ሌላ በጫፍ ያሉት ቀለበቶች እየተሰበሩ ስለሚወድቁ፤ ቀለበት ቈጥሮ ዕድሜን ማወቅ አይቻልም።

እባቡ በፖለቲካ ታሪክም ስፍራ አግኝቷል። እንግሊዝ ወንጀለኞችን ወደ አሜሪካ ትሰድ በነበረበት ዘመን፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1751 በጋዜጣው ላይ፤ በለውጡ እኛም ባለጸናጽል እባቦችን ብንልክላቸው ይገባል ብሎ በቀልድ ጻፈ። በ1775 አሜሪካውያን በተነሡ ጊዜ፤ በክሪስቶፈር ጋድስደን ስም በሚጠራው ብጫ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ይኸው እባብ ተሳለ፤ ሐሳቡም ካልረገጡኝ አልነካም ማለት ነው። ይህ ከእባቡ ጠባይ እጅግ የራቀ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ብሎ መደበቅን ይመርጣልና። ሆኖም በሰንደቅ ዓላማ ያከበሩት ሕዝብ በሜዳ ግን አሳደዱት፤ በቬርሞንት እባቡን ለገደለ ሰው እስከ 1971 ድረስ ገንዘብ ይከፈል ነበር።

ስለ መርዙ የተደረገው ምርመራ የሰውን ነፍስ የሚመለከት ስለ ሆነ በብርቱ ተሠርቶበታል። ብዙ ሰው ለተነደፈ ውስኪ በሚያጠጣበት ዘመን፤ የፊላዴልፊያው ሐኪም ሳይላስ ዊር ሚቸል ስለ መርዙ ትልቅ ጥናት በ1860 አሳተመ፤ በ1886ም ከኤድዋርድ ራይከርት ጋራ ሆኖ የመርዙ ኀይል በፕሮቲን ውስጥ መሆኑን ገለጸ። በ1887 ሄንሪ ሲዋል በሚሺጋን ለርግቦች ጥቂት በጥቂት እየጨመረ መርዝ ቢሰጣቸው፤ ሌላውን ርግብ የሚገድለውን መጠን ችለው ኖሩ። ከዚህ በኋላ በፈረንሳይ ከ1894 ጀምሮ የመርዝ ማርከሻ መድኀኒት መሠራት ጀመረ። በሳኦ ፓውሎ የሠራው ቪታል ብራዚልም የአንዱ እባብ ማርከሻ ለሌላው እንደማይበቃ አሳይቶ፤ ለባለጸናጽሉ የሚሆነውን ለብቻው አዘጋጀ።

የታይሰን ጉድጓዶች ግን ገና ምስጢር ነበሩ። በ1937 ኖብልና ሽሚት የተባሉ ሁለት መርማሪዎች የእባቦችን ዓይን ሸፍነው፤ በጨርቅ የተጠቀለሉ የኤሌክትሪክ አምፖሎችን አቀረቡላቸው። እባቦቹም የሞቀውን ከቀዘቀዘው ለይተው ነደፉ። ጉድጓዶቹ ሙቀትን የሚያውቁ ሕዋሳት ኖረዋል! ይህን ለማወቅ ከታይሰን በኋላ 254 ዓመት ፈጀ። በ1956 ደግሞ ሎረንስ ክላውበር፤ ሥራው የኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ሲሆን፤ የብዙ ዘመን ትጋቱን በሁለት ታላላቅ ቅጾች አወጣ።

ነገር ግን ዕውቀቱ ሲደርስ እባቡ ከብዙ ስፍራ ጠፍቶ ነበር። ሆሪዱስ የተባለው ዓይነት ከሜይንና ከሮድ አይላንድ ፈጽሞ ጠፍቷል። እንስቷ ለመውለድ ብዙ ዓመት ትቆያለች፤ ከወለደችም በኋላ ዳግመኛ እስክትወልድ ብዙውን ጊዜ ሦስትና አራት ዓመት ያልፋል፤ ስለዚህ ጥቂት እናቶች ቢገደሉ ወገኑ አይተካም። ከእንስሳት ኮቴ ያድነው የነበረው ድምፅም፤ ዱላና ጠመንጃ ለያዘ ሰው ያለበትን ስፍራ የሚያመለክት ሆነበት።

እንግዴህ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚለው የጥንቱ የፊሳልጎስ ወሬ በእኛም ዘንድ ይነገራል፤ እፉኝት ግን እንደ ባለጸናጽሉ ሁሉ ልጆቿን በሰላም ወልዳ በሕይወት ትኖራለች። ስለሚፈራ ፍጥረት የሚነገረውን ከመቀበል በፊት ቀርቦ መመርመር ያሻል፤ ከእባቡ የሚጠብቀን መድኀኒትም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነውና።