«የተበላሸ ቅይጥ»፦ የአንድ የሕክምና ቃል ታሪክ

ሐኪሞች ዛሬም አንዳንድ የደም ሕመሞችን ሲመድቡ «ዲስክራሲያ» የሚል ቃል ይጠቀማሉ። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ ፍቺውም «የተበላሸ ቅይጥ» ማለት ነው። ምን ከምን ጋር ተቀይጦ እንደ ተበላሸ ለመረዳት ግን ታሪኩን መመርመር ያሻል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የክሮቶኑ አልክሜዮን ጤናን የኃይላት እኩልነት፣ በሽታን የአንዱ ኃይል ብቸኛ አገዛዝ ሲል ገለጠ። ቃላቱን የተዋሰው ከፖለቲካ ነበር። በሂፖክራጥስ ስም ከሚጠሩት ጽሑፎች አንዱ፣ «ስለ ሰው ተፈጥሮ» የተባለው፣ የሰውን አካል በአራት ፈሳሾች ከፈለው፤ እነርሱም ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት የጴርጋሞኑ ጋሌን ትምህርቱን አደራጅቶ፣ የሙቀት፣ የቅዝቃዜ፣ የርጥበትና የድርቀት ሚዛን መታወክን «ዲስክራሲያ» አለው። በ9ኛው መቶ ዓመት ሁናይን ኢብን ኢስሐቅ የጋሌንን መጻሕፍት ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ ሲመልስ፣ ቅይጡ በዐረብኛ «ሚዛጅ» ተባለ። በእኛም ዘንድ የሰው ሥጋ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ተገኘ የሚለው ጥንታዊ ትምህርት የዚሁ አስተሳሰብ ዘመድ ነው። ወኔ የከዳውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ስንልም ጠባይን ከፈሳሽ ጋር እናዛምዳለን።

ይሁን እንጂ ይህ ውብ ፍልስፍና ዋጋ አስከፍሏል። በዛ የተባለው ፈሳሽ መቀነስ ነበረበትና፣ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት የሕመምተኛውን ደም አፈሰሱ፤ የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ መድኃኒት አጠጡት። የደከመውም ይብሱን ደከመ።

እ.ኤ.አ. በ1846 ቪየና ውስጥ ታላቁ የአስከሬን መርማሪ ካርል ሮኪታንስኪ የበሽታን ሥር በደም ቅይጥ መበላሸት ለማስረዳት ሞከረ። በዚያው ዓመት ገና የ25 ዓመት ወጣት የነበረው የበርሊኑ ሩዶልፍ ቪርኾቭ ትምህርቱ ማስረጃ የጎደለው ግምት መሆኑን በሰላ ሂስ አጋለጠ። ሊቁም እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ በታተመው የታረመ መጽሐፉ ትምህርቱን ተወው። ቪርኾቭ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው መጽሐፍ የበሽታን መነሻ በሕዋስ ውስጥ መፈለግ እንደሚገባ አስተማረ።

ትምህርቱ ሲወድቅ ቃሉ ግን ተረፈ። ዛሬ «የፕላዝማ ሕዋሳት ዲስክራሲያ» ሲባል፣ ከአንድ ሕዋስ የተገኘ ዘር ያለ ልክ ተራብቶ ሌሎቹን መጫኑን ያመለክታል። ይህም የአልክሜዮንን «ብቸኛ አገዛዝ» ያስታውሳል፤ ልዩነቱ፣ ያኔ በሐሳብ ብቻ የተባለው ዛሬ በአጉሊ መነጽር የሚታይ መሆኑ ነው። በቃላት የምንሠራ መምህራንና ደራስያን ከዚህ የምንማረው፣ የቃል ማማር ለእውነትነቱ ዋስትና አለመሆኑን ነው። ሮኪታንስኪን ያስከበረውም በስተርጅና ሳይሆን በዝናው ሙላት ሳለ ስሕተቱን ከመጽሐፉ መፋቁ ነው።