የልጆች የደም ካንሰር፦ ፈውስን የማብዛት፣ ጉዳትን የመቀነስ ጥረት

በልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የደም ካንሰር ነው። ከዚህም አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተባለው ነው። በሽታው ሲከሰት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከልክ በላይ ይበዙና ጤናማ ደም እንዳይመረት ያደርጋሉ።

ከመድኃኒት ግኝት እስከ ዛሬ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዶክተር ሲድኒ ፋርበር፣ በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት በሽታውን ለጊዜው ሊገታ እንደሚችል አሳዩ። በቀጣዮቹ ዓመታት የተለያዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትና በሽታው አንጎል ውስጥ እንዳይደበቅ ጭንቅላትን በጨረር ማከም ብዙዎችን ፈወሰ። ይሁን እንጂ ጨረሩ የልጆችን እድገትና የመማር ችሎታ ይጎዳ ነበር። በ2009 የታተመ የአሜሪካው ቅዱስ ይሁዳ ሆስፒታል ጥናት፣ መድኃኒቱን በጀርባ አጥንት በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ በመስጠት ጨረሩን መተው እንደሚቻል አረጋገጠ።

በ2024 መጨረሻ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ብሊናቱሞማብ የተባለውን መድኃኒት ፈትሿል። መድኃኒቱ የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት ከካንሰሩ ሕዋስ ጋር አገናኝቶ እንዲያጠፉት ያደርጋል። ከኬሞቴራፒ ጋር ይህን ከወሰዱ 100 ልጆች 96ቱ፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 88 ያህሉ ለሦስት ዓመታት በሽታው ሳያገረሽባቸው ቆይተዋል።

የመዳን ዕድል ልዩነት

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ ባደጉት ሀገራት ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ታዳጊ ሀገራት ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ዘግይቶ መታከም፣ የመድኃኒት እጥረትና ሕክምናን ማቋረጥ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ድርጅቱ በ2018 የጀመረው መርሐ ግብር እስከ 2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲድኑ ያለመ ነው።

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

የማይለቅ ትኩሳት፣ የፊት መገርጣት፣ ያለ ምክንያት መድማት ወይም የቆዳ መበለዝ፣ የአጥንት ሕመም እና የንፍፊት እብጠት የበሽታው ምልክቶች ናቸው። ለወባ ወይም ለሌላ በሽታ ታክሞ ያልተሻለው ልጅ የደም ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። በሀገራችን ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደርና ጅማ ሆስፒታሎች የልጆች ካንሰር ሕክምና ይሰጣሉ።

ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር አብዛኞቹ ልጆች የዳኑ ይመስላሉ፤ የተደበቁ የካንሰር ሕዋሳት ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ልጁ መጫወትና መብላት ቢጀምርም፣ ሐኪሙ ሳያዝ ሕክምናውን ማቋረጥ በሽታው ለማከም በሚያስቸግር ሁኔታ እንዲያገረሽ ያደርጋል። በሕክምና ላይ ያለ ልጅ ትኩሳት ከያዘውም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።