«ናርዶስ የወንድ ስም ነው፤ ደግሞስ የእኛ ነው?»

ባለፈው እሑድ ዱከም፣ እኅቴ ቤት፣ አራስ ልንጠይቅ ተሰብስበን ገንፎው ሳይነሣ ክርክር ተነሣ። ወላጆቿ ለሕፃኗ «ናርዶስ» የሚል ስም አውጥተዋል። የአባቷ እናት፣ ሁላችንም «አኮ» የምንላቸው፣ አልተዋጠላቸውም።

«ማርቆስ፣ ጳውሎስ፣ ናርዶስ… ይሄ የወንድ ስም ነው። ደግሞስ የእኛ ነው?» አሉ። እሳቸው የመረጡት «ኡርጌ» የሚለውን ነበር።

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። በዚህ ዘመን ሰው ስም ሲሰማ «የማን ወገን ናት?» ማለት ይቀናዋል። ስለዚህ ስሙ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከተልኩ።

ናርዶስ በሂማላያ ተራሮች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚበቅል ተክል ነው። ሽቶው የሚወጣው ከሥሩ ነው። ቃሉም እንደ ሽቶው ተጓዥ ነው፤ መነሻው የሳንስክሪቱ «ናላዳ» እንደሆነ ይታመናል። ዕብራይስጥ «ኔርድ» አለው፣ ግሪክ ደግሞ «ናርዶስ»። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ኢየሱስ ላይ የፈሰሰው ሽቶ ይኸው ነው፤ ከ300 ዲናር በላይ ያወጣ ነበር ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። የዓመት ልፋት በአንድ ብልቃጥ ማለት ነው።

ወደ እኛስ? በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ ናርዶስ የሚጫንበትን የሕንድ ወደብ ባሪጋዛን ይጠቅሳል። ያው መጽሐፍ የአክሱም ወደብ ስለነበረችው አዱሊስም ይናገራል፤ የሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይገባባት ነበር። ዛሬ የጅቡቲ ከባድ መኪና ዱከምን ሰንጥቆ እንደሚያልፈው፣ ያኔም ዕቃና ቃል አብረው ይጓዙ ነበር። ኋላ መጽሐፍ ቅዱስ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲተረጎም ለግሪክ ቃላት ሰፊ በር ተከፈተ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም እስከ ዛሬ የያዘው «ኔርድ»ን ሳይሆን «ናርዶስ»ን ነው።

«የወንድ ስም» ለሚለው፦ ቃሉ በራሱ በግሪክኛ የሴት ጾታ ነው። «የእኛ አይደለም» ለሚለው ደግሞ፦ ማርቆስና ጳውሎስም ከሮም የመጡ ስሞች ናቸው። ዛሬ መታወቂያ የሚጠይቃቸው የለም።

ይህን ሁሉ ለአኮ ነግሬ ስጨርስ፣ «እሺ፣ ኡርጌስ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«መዓዛዋ የሚያውድ» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ሁለቱም ወገን ለልጅቷ የተመኘው አንድ ነገር ነበር። የተጣላነው በቋንቋው ነው። አሁን እናቷ ናርዶስ ትላታለች፣ አኮ ኡርጌ ይሏታል። እሷ ለሁለቱም ዞር ትላለች።