ጥርኝ ውኃና ታላቅ ተራራ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ታቦር አካባቢ ባደግሁበት ደብር፥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእ ሥዕል ነበረ። የቅምሩ ሰው 78 ነፍስ ከበላ በኋላ፥ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ነፍሱም ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውኃ ሚዛን ደፋች። ከቅጽሩ ውጭ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሥዕሉ ላይ ግን ተራራ የሚባል አልነበረም። «ሠዓሊው ተራራ መሣል አያውቅም ነበርን?» እያልሁ በልቤ አማው ነበር።

ካደግሁ በኋላ የፈረንጆች የኅትመት ሥዕል በመጽሐፍ አየሁ። ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1555 ዓ.ም. ገደማ ፒተር ብሩጌል ነድፎት፥ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ፥ በአንትወርፕ ከተማ ሂሮኒመስ ኮክ ያሳተመው «ተንኰለኛው ወፍ አጥማጅ» የተባለው ነው። ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው በአገሩ ስፋት ላይ ነው፤ ትንሹን አጥማጅ የሚያገኘው ፈልጎ ነው። ለእኔ ምክሩ፥ አገር ባማረበት ስፍራም ወጥመድ አይታጣም የሚል ነው።

እንዲህ ያለው የፈረንጅ ኅትመት ወደ እኛም ደርሷል። በ1590 እና በ1591 ዓ.ም. በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ ያተመው ወንጌል፥ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ሥዕሎች ነበሩበት። በ17ኛው ምዕት ዓመት የጎንደር ሠዓሊዎች ከእርሱ እየቀዱ በብራና ሣሉ። ሲቀዱም ከሰዎቹ በስተኋላ ያለውን አገር ብዙ ጊዜ ትተው ስፍራውን በቀለም ሸፈኑት። ስላላወቁ አይመስለኝም፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ሰውን እንዲያይ ነው እላለሁ።

ይህን ያስተዋልሁት ከበደልሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፥ በመንገድ ዳር የተቀመጠ በሽተኛ ውኃ ለመነኝ። በቅሌ ውኃ ነበረኝ፤ ነገር ግን በጉና ላይ ደመና ሲከማች እያየሁ፥ ዝናብ ሳይዘኝ ልድረስ ብዬ አለፍሁት። በማግሥቱ ውኃ ይዤ ብመለስ ስፍራው ባዶ ነበር። ተራራውን አየሁ፤ ሰውየውን ግን አላየሁም።

ወንድሜ፥ እኅቴ ሆይ፤ ብሩጌል «ትንሹን ሰው ፈልገው» ይልሃል፤ የጎንደሩ ሠዓሊ «እነሆ፥ ፊትህ አቆምሁልህ» ይልሃል። የምትሰማው ማንኛቸውንም ቢሆን፥ ቅልህን ሳትፈታ አትለፍ። ጉና ነገም በስፍራው ይገኛል፤ የተጠማው ሰው ግን ላይገኝ ይችላል።